ባዶ የተውኩት ተራ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

እኔ የምጽፍላችሁ በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትንና ግራ ትከሻዬ ላይ ጠባሳውን ትቶልኝ የሄደውን ነገር ነው። የጨመርኩበት ነገር የለም። እንዲያውም ለመጻፍ ከብዶኝ የቀነስኩት አለ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል፣ ዝናብ ይዘንባል።

የእኔ እንደዚያ አልነበረም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ ኪቦርዴ ላይ ተንጋላለች። ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ሥጋ ለመግዛት ተሰልፈው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ።

የምኖረው ከወንድሜ ሥጋ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ደንበኞቹ ግን ሳንጃው ይሉታል፣ አጥንት ሲከፋፍል እጁ ስለማይታይ። ኪቦርዱንም የገዛልኝ እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን ስሙን አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም። «ያ ኦርጋንህ» ነው የሚለው።

ሁለታችንንም ያበሉን የእሱ ሁለት እጆች ናቸው። ይህቺን ያዙልኝ።

እኔ የሠርግ ባንድ ውስጥ ነበር የምጫወተው። ሙሽሮች ሲገቡ ያው አራት ኮርድ፣ ሲወጡ ያው አራት ኮርድ። አንድ ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ ጃዝ የሚጫወት ቡድን ኪቦርድ ተጫዋች እንደሚፈልግ ሰማሁና እየሮጥኩ ሄድኩ። መሪያቸው ሁሉም ጋሽ ሳክስ የሚሏቸው ሽማግሌ ሳክስፎን ተጫዋች ናቸው። ትንሽ አዳመጡኝና እጃቸውን አነሱ።

«እጅህ ይሮጣል» አሉኝ። «ወዴት እንደሚሮጥ ግን አያውቅም። ቲዎሪውን ተማርና ተመለስ። ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልሃለሁ።»

አስተማሪ የምቀጥርበት አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ ራሴን ማስተማር ጀመርኩ። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ፣ አቆማለሁ፣ እሞክራለሁ፣ እሳደባለሁ፣ እንደገና አያለሁ። አሥራ ሁለቱን ድምፆች በክብ ስዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጋሼ አይቶት ሰዓት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከተማርኩት ሁሉ ልቤን የወሰደው አንድ ነገር ነበር። አብረው ሲመቱ የማይስማሙ ሁለት ድምፆች አሉ፤ ትራይቶን ይባላሉ። የሚቀጥለው ኮርድ፣ ማለትም የሚስማሙ ድምፆች ጥምር፣ መጥቶ ቤታቸው እስኪያስገባቸው ድረስ አያርፉም። አንተም አታርፍም። በግራ እጄ እነሱን መያዝ ለመድኩ። ትንሿ ጣቴና ሌባ ጣቴ ብቻ ናቸው የሚጫኑት፣ መሃል ያሉት ሁለቱ አየር ላይ ይቀራሉ።

ከዚያ መቀባበሉ ጋ ደረስኩ።

ጃዝ ተጫዋቾች ዜማውን ተጫውተው ሲያበቁ ተራ ይገባሉ። አንዱ አራት ሜዠር ይጫወታል፣ ማለትም አራት ጊዜ እስከ አራት ይቆጥራል። ሌላው በዚያው ልክ ይመልስለታል። ሁለት ሰዎች ወሬ እንደሚቀባበሉት ማለት ነው።

እኔ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ አራቱን እጫወታለሁ፣ የሚቀጥለውን አራት ባዶ እተወዋለሁ። እጄን አንስቼ፣ በእግሬ ብቻ እየቆጠርኩ... ዝም። ከዚያ እንደገና የእኔ ተራ ይሆናል። ብቻውን የሚማር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ባዶውን ተራ ለማን እንደምተው ግን አስቤ አላውቅም።

የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን ተጫወትኩና ዝም አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ የጋሼ መጥረቢያ አጥንት የሚከፋፍልበት ግንድ ላይ አረፈች።

ጧ... ጧ ጧ... ጧ።

በልኬ ነበር። አንዲት ምት እንኳ አልሳተችም። ፈገግ አልኩና ደግሜ ተጫወትኩ፣ አሁን ምቱን ሆን ብዬ እያዘገየሁ። እጄን አነሳሁ። መጥረቢያዋም እያዘገየች መለሰች።

አራቱ ሲሞላ ቆመች።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ራት ላይ፣ እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ይዞ አጥንት ሲፈልጥ መኖሩ እንዳሳዘነኝ ነገርኩት። ስለምን እንደማወራ አልገባውም። ያ ኦርጋን ጭንቅላትህን አዞረው ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቀረ።

«ግን ዛሬ እጄ...» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ልመታ አነሳዋለሁ፣ አይወርድም። ሰው እንደያዘው። ከዚያ ደግሞ ይለቀዋል።»

ደክሞህ ነው አልኩት። እሱም ደክሞኝ ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መቀባበል ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰሞን የተማርኩትን ያህል በሕይወቴ ተምሬ አላውቅም። ወሰብሰብ ሳደርግ ትወሳሰባለች፣ ስፈጥን ትፈጥናለች። አንዳንዴም እኔ ያላሰብኩትን ትመልስልኛለች፣ እኔ ደግሞ ከእሷ እሰርቃለሁ።

ደንበኞች ግን ማጉረምረም ጀመሩ። ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት የምትሠራው ልብስ ሰፊዋ የገዛችውን ይዛ ተመለሰች። አጥንቱ ዱቄት ሆኗል። ጋሼ ገንዘቧን መለሰላትና ለምን እንደዚያ እንዳደረገው እንደማያውቅ ነገራት። ከስቶ ነበር። ሲቀመጥ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥበታል፣ እንዳያመልጠው የፈራ ይመስል።

አንድ ቀን ሥጋ ቤቱ ዝግ ነበር። ጋሼ ገበያ ሄዷል። እኔ ቁጭ ብዬ አራቱን ተጫወትኩ።

ጧ ጧ... ጧ... ጧ ጧ።

ተመልሶ መሆን አለበት ብዬ ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ዙር ተጫውቼ እጄን ሳነሳ የክፍሌ በር ተከፈተ።

ጋሼ ነው። በእጁ የገበያ ከረጢት ይዟል።

ከግድግዳው ወዲያ ምቱ ገና አላለቀም ነበር።

ጧ... ጧ...

«ማነው እዚያ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተ አይደለህም?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ነበር፣ ፊቴ ቆሞ። ከፍተን ገባን። ማንም የለም። መጥረቢያዋ መስቀያዋ ላይ ተሰቅላለች። ትናንት አጥቦ ያደረቀው ግንድ ግን ርሷል፣ ላዩም በአዲስ ምት ተተልትሏል።

«አይጥ ነው» አለ ጋሼ።

አይጥ መጥረቢያ አያነሳም። ሁለታችንም ግን አይጥ ነው ብለን ተስማማን።

ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። የወሩ መጨረሻ ግን ደረሰ፣ ሆቴሉም በዓይኔ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። የጆሮ ማዳመጫ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ብቻ ከቀረ ግድግዳውን አያልፍም። ካላለፈ ደግሞ የሚመልስልኝ የለም። በራሴ ብልጠት ኮራሁ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዳመጫውን አጥልቄ ጀመርኩ።

እጄ እንደዚያን ቀን ታዞኝ አያውቅም። አራት ተጫወትኩ። አራት ዝም። ምንም አልተሰማኝም። እፎይ አልኩ።

አራት ተጫወትኩ። አራት ዝም።

አጠገቤ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ንዝር ንዝር አለ። መኪና ያልፋል መሰለኝ። የሚንቀጠቀጠው እኔ ዝም ስል ብቻ መሆኑን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ማዳመጫውን አወለቅኩ።

ጩኸት።

ሱቁ ውስጥ ስገባ ሁለት ወንዶች የጋሼን ቀኝ ክንድ ታቅፈው ተንጠልጥለውበታል። መጥረቢያዋ እግሩ ሥር ወድቃለች። ደሙ ግንዱን አልብሶ በጎንና በጎኑ ይወርዳል፣ ነጩ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። ልብስ ሰፊዋ ሻርፗን የጋሼ ግራ እጅ ላይ ጠምጥማ ትጫነዋለች። ሻርፑ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አይታወቅም።

ያየችውን የነገረችኝ በኋላ ነው።

ግንዱ ላይ ሥጋ አልነበረም። ጋሼ ሥጋውን ሁሉ አነሳ፣ ግንዱን ጠረገ፣ ግራ እጁን ዘርግቶ አስቀመጠበት። መጥረቢያዋን አንስቶ ቆመ፣ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ። ከዚያ መታ። ጣቱ ሄደ። አልጮኸም። በተቆረጠው አጠገብ፣ በዚያው ልክ፣ ግንዱን ደጋግሞ መታው። ቆመ። አዳመጠ። እንደገና መታ።

«እያለቀሰ ነበር» አለችኝ። «እጁ ግን አይሰማውም። ሁለት ጎረምሳ አልቻለውም። አንተ ስትመጣ ነው የለቀቀው።»

እኔ ስመጣ አልነበረም። ማዳመጫውን ሳወልቅ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ እጁን ገልጦ አየና ግራ ገባው። የሄዱት ትንሿ ጣቱና ሌባ ጣቱ ናቸው፣ ከሥራቸው። መሃል ያሉት ሁለቱ ጭረት እንኳ የለባቸውም። በአንድ መጥረቢያ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሊገባው አልቻለም። ለማንኛውም ጣቶቹን ፈጥኜ ካመጣሁ ሊሰፋቸው እንደሚሞክር ነገረኝ።

በረርኩ። ከግንዱ ሥር ፈለግኩ። የፍሳሹን ክዳን ነቅዬ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። የአጥንት ማጠራቀሚያውን ዘርግፌ አንድ በአንድ ነካካሁ። ልብስ ሰፊዋ ጋሼ ከሰዓት በኋላ የሸጠውን እንኳ ከየደንበኛው ቤት አስመለሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ያን ቀን ፌስታሉን ሲበረብር አመሸ።

ጣቶቹ የሉም።

ባዶ እጄን ስመለስ ጋሼ ነቅቶ ነበር።

«ተራህን እስክትጨርስ ይጠብቅ ነበር» አለኝ በቀስታ።

«ማን?»

«እኔ እንጃ። ሲቆጥር ግን ይሰማኛል። በእግሬ ነው የሚቆጥረው።»

ወደ እግሩ አየሁ። አንሶላው ሥር፣ ቀስ እያለ፣ ከአራቱ ምት በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ... ይመታ ነበር።

የቀረችው ቀኝ እጁ ናት። እሷ ከሄደች ወንድሜ አለቀለት ማለት ነው።

ከሆስፒታል በቀጥታ ጋሽ ሳክስ ጋ ሄድኩ። አብዷል ይሉኛል ብዬ ነበር፤ አላሉኝም። ሳክስፎናቸውን እየወለወሉ ሁሉንም ሰሙኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ።

«መቀባበሉን ስትጨርስ እንዴት ነው የምትጨርሰው?»

«ሲደክመኝ አጠፋዋለሁ።»

ጨርቁ እጃቸው ላይ ቆመ።

«ዜማውን አትመልስም?»

ጃዝ ውስጥ ከመቀባበሉ በኋላ መጀመሪያ ወደተጫወቱት ዜማ ይመለሳሉ፤ ዘፈኑ አበቃ የሚባለው ያኔ ነው። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ከሰው ጋር የሚጫወት ሁሉ ያደርገዋል፣ ሌሎቹ ስለሚያደርጉት። ብቻዬን የተማርኩት እኔ ግን የሚጣፍጠኝን መሃሉን ብቻ ነበር የምደጋግመው። ያን ሁሉ ቀን ተራ ስሰጥ፣ አንድም ቀን ዘግቼው አላውቅም።

«ሂድና ዝጋው» አሉኝ። «ዜማውን እስከ መጨረሻው ኮርድ። ምንም ብታይ እጅህን አታንሳ።»

ጋሼን ከሆስፒታል ባስወጣሁት ቀን ማስታገሻውን ውጦ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተኛ። ሥጋ ቤቱን ቆልፌያለሁ፣ መጥረቢያዋ ውስጥ ናት፣ መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪቦርዱን ከፈትኩ። ያለ ማዳመጫ። ዜማውን ጀመርኩ።

ወዲያው በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ጋሼ ነው። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። የታሸገች ግራ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፏታል። በቀኙ መጥረቢያዋን ይዟል።

መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። ጭኔ ላይ ይሰማኛል።

«ጋሼ...»

እግሩ ግን ይመታል። እኔ እስከተጫወትኩ ድረስ ቆሞ እንደሚጠብቅ ገባኝ። መቆም የለብኝም። ግን ማንኛውም ዜማ ሲዘፈን ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አለው። የእኔም ነበረው።

የመጀመሪያው ትንፋሽ ላይ መጥረቢያዋ የበሩን መቃን ሰነጠቀችው። ስንጥሩ ፊቴ ላይ ተረጨ።

ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ላይ የተቀመጥኩበትን ወንበር መደገፊያ ለሁለት ከፈለችው። ጀርባዬ ላይ ንፋሷ ተሰማኝ።

ቀጠልኩ። እያለቀስኩ ቀጠልኩ።

ሦስተኛው ላይ ትከሻዬ ላይ አረፈች።

መጀመሪያ ሕመም አልነበረም፤ የአጥንት ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ጋሼ ነቀላት። ደሜ በክንዴ ወርዶ ቁልፎቹን አለበሳቸው፣ ጣቶቼ ይንሸራተቱ ጀመር። ከኋላዬ የወንድሜን ሹክሹክታ ሰማሁ።

«እኔ አይደለሁም... አትቁም... እባክህ አትቁም...»

ወደ መጨረሻው ደረስኩ። ግራ እጄ ትራይቶኑን ያዘ፤ ትንሿ ጣትና ሌባ ጣት። አንድ ኮርድ ነው የቀረኝ። አንድ። ቤት መግባት ብቻ።

መጥረቢያዋ ተነሳች። አንገቴ ናት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በጆሮዬ ሥር አልፋ ወረደች። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተቆረጠ፣ ብልጭታ ሆነ፣ ድምፁ በአንድ ጊዜ ሞተ።

የመጨረሻውን ኮርድ መታሁት። የሰማሁት የፕላስቲክ ቋታ ብቻ ነው።

ጋሼ ወለሉ ላይ ተዘረረ። መጥረቢያዋ ከእጁ ወጣች። ዓይኖቹን ገልጦ አየኝ።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ» አልኩት።

ዋሸሁት።

ትከሻዬ ተሰፋ። የጋሼ ቀኝ እጅ ተረፈች። ሥጋ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራየን፣ እግሩም መምታት አቆመ። ወደ ሆቴሉ አልተመለስኩም። ኪቦርዱን ከነደሙ እዚያው ትቼ ክፍሏን ቆለፍኳት፣ የምተኛውም ከጋሼ ጋር ሆነ። ሙዚቃ በሬዲዮ ሲመጣ እንኳ እንዘጋዋለን።

ጥሩ ከርመን ነበር።

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ነው። ጋሼ ግራ እጁን እያየ ቆየና የሌሉት ጣቶቹ እንደሚሰሙት ነገረኝ። ሐኪሙ ያስጠነቀቀኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ያለ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ያሳክከዋል አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

«አያሳክኩኝም። የሆነ ነገር ላይ ናቸው።»

«ምን ላይ?»

«ለስላሳ ነው። ይቀዘቅዛል። ተጭነውታል...» ፊቱን አጨማደደ። «ደክሟቸዋል። ግን ማንሳት አይችሉም። የሆነ ነገር ይጠብቃሉ።»

ውሃ ላመጣ ነው ብዬው ተነሳሁና በጓሮ ዞርኩ። የክፍሏን መክፈቻ ካኖርኩበት አውጥቼ፣ ድምፅ እንዳላሰማ ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ገመዱ እንደተቆረጠ ነው። ቁልፎቹ ሁሉ አቧራ ለብሰዋል።

ከሁለቱ በቀር።

ሁለቱ ላይ አቧራ የለም። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ተጭነዋል። ትንሿ ጣትና ሌባ ጣት የሚይዟቸው ሁለቱ። በላያቸው ምንም የለም። ግን ይንቀጠቀጣሉ፣ ብዙ የቆየ ጣት እንደሚንቀጠቀጠው።

ጠጋ አልኩ።

ከግቢው የወንድሜ ድምፅ መጣ። የተኛ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ሰው መጣ» አለ። «አጠገባቸው ቆሟል።»